ቀኑ ደርሶ ነውን?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በአዊ ምድር ቲሊሊን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን እያቋረጠ ያልፋል። በዚሁ አንድ ጎዳና ላይ አውቶቡሱና የጭነት መኪናው፣ ባጃጁና ጋሪው፣ ገበያተኛውና ተማሪው አብረው ይጓዛሉ።

ሰው በመኪና ተገጭቶ በሞተ ጊዜ «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት በአገራችን የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር ለኀዘንተኛው መጽናኛ ይሆን ይሆናል፤ ለነጂው ግን ማምለጫ ሊሆን አይገባም። የብዙው አደጋ ምክንያት በሂሳብ የሚታወቅ ነውና።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው የስልክ መልእክት ለማንበብ ዓይኑን ለ3 ሴኮንድ ብቻ ከመንገዱ ቢያነሣ፣ 50 ሜትር ያህል ዓይኑን ጨፍኖ ነዳ ማለት ነው። ፍጥነቱም እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ መንገዱ በዝናብ ሲርስ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። እየነዳ በስልክ የሚጠቀም ሰውም ለአደጋ የሚጋለጠው ከማይጠቀመው በ4 እጥፍ ያህል ነው።

ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሁሉ፣ ልጓም የያዘ ሰው ልቡን ከፈረሱ እንደማይለይ ያውቃል። ያም ሆኖ ፈረስ የራሱ ዓይን አለው፤ ገደል ሲያይ ይቆማል። መኪና ግን ከነጂው ዓይን በቀር ሌላ ዓይን የለውም።

በአገራችን የትራፊክ ደንብ እየነዱ በስልክ መነጋገር ጥፋት ነው። ይሁን እንጂ በየመታጠፊያው ፖሊስ ሊቆም ስለማይችል፣ የመጀመሪያው ዘበኛ የነጂው ኅሊና ነው። ተሳፋሪም ነጂው ሲፈጥን ወይም ስልክ ሲያነሣ ዝም ማለት አይገባውም፤ «ቀስ በል» ማለት ነውር አይደለምና።

መምህራን ሆይ፣ በትምህርት ቤታችሁ ሜዳ 50 ሜትር በገመድ አስለክታችሁ፣ ተማሪዎቻችሁን በሁለቱ ጫፍ አቁሙ። በመካከል ያለውን ርቀት በዓይኑ ያየ ልጅ፣ ነገ መሪ ሲጨብጥ ጥፋቱን በቀን አያላክክም።