ኩባያው ለምን ተለየ?

ዛሬ ስለ ጉበት በሽታ እናወራለን፤ ስለ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ስለሚያመጣው የሆድ ብሶትም ጭምር።

አንድ ሰው ደሙ ተመርምሮ «ሄፓታይተስ ቢ አለብህ» ሲባል ቶሎ የሚመጣበት ሐሳብ ሞት ነው። ቤት ሲገባ ደግሞ ኩባያውና ሳህኑ ተለይተው ይጠብቁታል። ከአንድ ትሪ ሲበላ ለኖረ ሰው ይሄ ከሕመሙ ይብስበታል። ዝም ይላል፣ ከጓደኞቹ ይሸሻል፣ ተማሪ ከሆነም ከክፍል ይቀራል። ቤተሰቡም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው።

ነገር ግን ቫይረሱ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ስለዚህ መለየት ያለበት ምላጭና የጥርስ ብሩሽ እንጂ ኩባያ አይደለም። ቤተሰቡ ይመርመር፤ ቫይረሱ የሌለበት ይከተብ። በሽተኛውም ብቻውን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2022 እ.ኤ.አ. 254 ሚሊዮን ሰዎች ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ነበረባቸው። ሁሉም መድኃኒት ባያስፈልገውም ሁሉም ክትትል ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ጉበቱ በጣም የተጎዳ ሰው ቀን እየተኛ ሌሊት ሊነቃ፣ በትንሹ ሊቆጣ፣ ነገር ሊምታታበት ይችላል። ጉበት ማጣራት ያቃተው መርዝ አእምሮን ስለሚነካ ነው። «ጸባዩ ተበላሸ» ብላችሁ አትቀየሙት፤ ቶሎ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

መምህራን፣ የቀረውን ተማሪ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ አብራችሁት ብሉ።