እኩል ሞለኪውል ወገን ሲይዝ

ከዱርቤቴ ገበያ የተገዛ ጎመን ተወቅጦ ጠንካራ አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ ቢጣራ አረንጓዴ ፈሳሽ ይወጣዋል። ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት ሐምራዊ መብራት ጨለማ ውስጥ ሲያዩት ግን ቀይ ያበራል። ክሎሮፊሉ የዋጠውን ብርሃን መልሶ እየተፋ ነው። በሕይወት ያለ ቅጠል፣ ጣናን ያስቸገረው እምቦጭም ጭምር፣ ብርሃኑን እንዲህ በከንቱ አይተፋውም፤ ኤሌክትሮን ይገፋበታል።

የሚገፋበት አቅጣጫ ነው የሚገርመው። ዮሐን ዳይዘንሆፈር፣ ሮበርት ሁበርና ሃርትሙት ሚሼል በ1988 እ.ኤ.አ. ኖቤል ያገኙበት ብርሃን ተቀብሎ ኤሌክትሮን የሚገፋው የባክቴሪያ ማዕከል መንትያ የሚመስሉ ሁለት መንገዶች አሉት። ኤሌክትሮኑ ግን የሚሄደው ከሞላ ጎደል በአንደኛው ብቻ ነው፤ ዙሪያውን የያዘው ፕሮቲን ግራና ቀኙን እኩል አይዝም።

ፕሮቲን በሌለበት ተራ ፈሳሽስ? ባይአንትሪል የሚባለው ሞለኪውል ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ግማሾች አሉት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ እንደታወቀው፣ ፖላር ያልሆነው አሟሚ ሄክሳን ውስጥ ሲሟሟ የሚፈነጥቀው ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ ፖላር በሆነው አሴቶናይትራይል ውስጥ ግን የብርሃኑ የቀለም ክልል ይሰፋል፣ ወደ ቀይ አቅጣጫም ይሸሻል። ከአንዱ ግማሽ ኤሌክትሮን ወደ ሌላው ተሻግሯልና።

እኩል ጥማድ በሬዎች ሞፈሩን ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብሉ ጥፋቱ የመሬቱ ሊሆን ይችላል። እዚህም መሬቱ አሟሚው ነው። የአሟሚው ሞለኪውሎች አያርፉም፤ በአጋጣሚ አንዱን ጎን ትንሽ ሲደግፉ ቻርጁ ወደዚያ ያደላል፣ ያደላው ቻርጅ ደግሞ ሌሎቹን ይበልጥ ወደ ራሱ ያዞራል። ይህ የሚሆነው አሟሚው ፖላር ሲሆን፣ ማለትም የሞለኪውሉ አንድ ጫፍ አዎንታዊ ሌላው አሉታዊ ሲሆን ነው። ውሃ የኤሌክትሪክ መስክን 78 እጥፍ ያህል ያዳክማል፤ ፖላር ያልሆነው ሳይክሎሄክሳን 2 እጥፍ ብቻ። አሟሚን እንደ ዕቃ ብቻ የሚያስተምር መጽሐፍ፣ በእኔ እይታ፣ ግማሹን ታሪክ ትቶታል።

ለረጅም ጊዜ የዚህ ማድላት ማስረጃ ከሚፈነጥቀው ቀለም የተገመተ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ያለው የኤሪክ ቮቴ ቡድን ድርጊቱን በኢንፍራሬድ ተከታተለው። የመረጡት ሞለኪውል በሁለቱ ጫፎቹ የካርቦንና ናይትሮጅን ትስስር አለው። ሚዛኑ እስከተጠበቀ ድረስ የሚታየው አንድ የንዝረት መስመር ነው፤ ሲዛባ ሁለት ይሆናል። ፖላር አሟሚ ውስጥ ሁለተኛው መስመር በጥቂት ፒኮሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ትሪሊዮንኛዎች፣ ብቅ አለ፤ ሳይክሎሄክሳን ውስጥ አልታየም።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ሥራ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው። ተከተል ዮሐንስና ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ባልደረቦች ጋር ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ ፖሊመሮች ላይ ሠርተዋል። በእንዲህ ያሉ የፀሐይ ሴሎች ኤሌክትሮን ሰጪውና ተቀባዩ ሆን ተብሎ የተለያዩ ናቸው፤ የታወቀው ምሳሌ ፖሊመሩ ለ60 ካርቦኑ ፉለሪን ኤሌክትሮን ሲሰጥ ነው። ልዩነቱ ኤሌክትሮኑን ይስባል፣ ግን ከብርሃኑ ኃይል ከፊሉን ያስከፍላል። አንድ ዓይነት ጥንድ ቻርጅ ቢለያይ ኪሳራው ይቀንሳል የሚባለው ለዚህ ነው። ችግሩ የደረቀ ፖሊመር ከሳይክሎሄክሳን ብዙም አለመሻሉ ነው፤ መስክ የሚያዳክመው 3 ወይም 4 እጥፍ ቢሆን ነው።