ከምሽቱ አንድ ሰዓት በጆሃንስበርግ

ጄፒ ስትሪት ላይ ያለ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ «ሦስት ሰዓት ላይ ና» ካለህ ከሰዓት በኋላ አትሂድ። እሱ የሚለው ጠዋት ነው፤ ስልክህ ላይ 9፡00 የሚለውን።

መንገዱ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሂማ ሙሳ ስትሪት ተብሏል። ራሂማ ሙሳ በ1956 ወደ ፕሪቶሪያ የተደረገውን የሴቶች ሰልፍ ከመሩት አንዷ ነበሩ። እኛ ግን ዛሬም ጄፒ እንላለን። ድሮ ሐኪሞች ይሠሩባቸው የነበሩ ፎቆች ዛሬ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ በርበሬና ቡና ይሸጥባቸዋል።

በአማርኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ንጋቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። እዚህ ግን ፀሐይ በዲሴምበር 11 ሰዓት አለፍ ሲል ትወጣለች፤ በጁን ደግሞ አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። ልጆቼ በክረምት በጨለማ ተነሥተው «ይሄ ነው ንጋት?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

እኔ ሱቄን ዘግቼ፣ በመኪና ጭንቅንቅ አልፌ ቤት የምደርሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ ሦስት ሰዓት ላይ ይተኛሉ። ያለን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም በእራት፣ በቤት ሥራና በስልክ ያልቃል። ቅዳሜ አማርኛ መማራቸው ጥሩ ነው፤ ሰው ግን ቋንቋ የሚለምደው የሚያወራው ሰው ሲኖረው ይመስለኛል።

ስለዚህ ረቡዕ ማታ ቡና እናፈላለን። ቡና ጥድፊያ አይወድም፤ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ልጆቹ የሚጠጡት ወተት ነው፤ ፈንዲሻውን ግን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። ትንሹ ሲኒ ያድላል፣ ትልቋ ስኳር ትጨምራለች፤ ስልኮቹ ሁሉ ጓዳ ናቸው፤ ከአንዱ በስተቀር።

በዚያኛው አዲስ አበባ ላሉት አያታቸው እንደውላለን። አዲስ አበባ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ እዚህ አንድ ሲሆን እዚያ ሁለት ነው። በረካ እስኪደርስ ከቆየን እሳቸው ይተኛሉ። ስለዚህ በአቦል ነው የምንደውለው። ሰዓቱን የምታሰላው ልጄ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ደህና ነኝ፣ እማማ» ብላ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኝ ነበር። አሁን ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ጓደኛዋ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ታወራለች። ቃል ሲጠፋት እሳቸው ይጠብቋታል፤ እኔ አልገባበትም።

ባለፈው ረቡዕ «እማማ፣ ሰዓት ሳይኖራችሁ ጊዜውን እንዴት ታውቁ ነበር?» አለቻቸው። በጥላ እንደሆነ ነገሯት፤ ጥላው እግር ሥር ሲገባ ስድስት ሰዓት ነው ብለው። ቶናው ቀረበ፣ ወሬው አላለቀም።