ሽጉጥና የሴት እጅ፦ ትንሽ መሣሪያ ለምን ትልቅ ርግጫ ይኖረዋል?

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በመውረድ ወደ ቋራ ቆላ ለሚዘልቅ መንገደኛ ቀድመው የሚታወቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ሙቀቱ፣ ሁለተኛው የመሣሪያው ብዛት። በገለጉ ከተማና በዙሪያዋ የጦር መሣሪያ የሰሊጥ ማሳና የከብት ጠባቂ፣ የወንድ ልጅም ጌጥ ሆኖ ኖሯል። ከዚሁ ከቋራ ምድር የበቀሉት ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው እንደነበረ በታሪክ የታወቀ ነው። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ግን መሣሪያ ሲመረጥም ሆነ ሲሠራ በሐሳብ የሚታየው እጅ ሁልጊዜ የወንድ እጅ ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በፖሊስነት፣ በድርጅት ጥበቃና በመሳሰሉት ሥራዎች ተሰማርተው በወገባቸው ሽጉጥ የሚታጠቁ ሴቶች በየከተማው ይታያሉ። ስለ ሞመንተም ባስተማርሁበት አንድ ቀን ከዚያው ከቆላው አካባቢ የመጣች ተማሪ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፤ «እኅቴ ፖሊስ ናት። ለሴት ትንሽና ቀላል ሽጉጥ ይሻላታል ይሏታል። እውነት ነው ወይ?» ጥያቄው ተራ ቢመስልም መልሱ በውስጡ የኒውተንን ሕግ፣ የሰውን አካል አሠራርና የሕይወትን ጉዳይ የያዘ ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ በዝርዝር ልንመለከተው ወድደናል።

ርግጫ ከየት ይመጣል?

እንደሚታወቀው ማንኛውም ኃይል እኩልና ተቃራኒ የሆነ አጸፋ አለው። ባሩዱ ተቀጣጥሎ አረሩን ወደ ፊት ሲገፋው ያው ግፊት መሣሪያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። አረሩ ይዞት የሚሄደው ሞመንተም (የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ብዜት) መሣሪያው ወደ ኋላ ከሚይዘው ሞመንተም ጋር እኩል ነው። ተኳሾች «ይራገጣል» ወይም «ይመታል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

በአገራችን በሰፊው የሚታወቀውን ማካሮቭን እንውሰድ። አረሩ 6.1 ግራም ያህል ሲመዝን ከአፈሙዙ በሴኮንድ 315 ሜትር ገደማ እየበረረ ይወጣል። ሞመንተሙ 1.92 ኪሎ ግራም ሜትር በሴኮንድ ይሆናል ማለት ነው። ባዶው ሽጉጥ 730 ግራም ስለሚመዝን ወደ ኋላ የሚገፋበት ፍጥነት በሴኮንድ 2.6 ሜትር ይሆናል። የአረሩ ኢነርጂ 300 ጁል ያህል ሲሆን የሽጉጡ ግን 2.5 ጁል ብቻ ነው። ሁለቱ እኩል ሞመንተም ይዘው ሳለ ኢነርጂያቸው ይህን ያህል የተለያየው በመጠነ ቁሳቸው መራራቅ ምክንያት ነው። (ከአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝ የሚጨምረውን ድርሻ ለስሌቱ ቅለት ስንል ትተነዋል።)

ትንሿ ሽጉጥ ለምን ታስቸግራለች?

የርግጫ ኢነርጂ የሚገኘው ሞመንተሙን በራሱ አባዝቶ ለመሣሪያው መጠነ ቁስ እጥፍ በማካፈል ነው። ስለዚህ ጥይቱ ሳይለወጥ ሽጉጡ በግማሽ ቢቀል ርግጫው እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ 8 ግራም የሚመዝንና በሴኮንድ 350 ሜትር የሚበር የ9 ሚሊ ሜትር አረር 1 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ሽጉጥ ሲተኮስ የርግጫው ኢነርጂ 3.9 ጁል ነው። ያው ጥይት 500 ግራም ከሚመዝን ትንሽ ሽጉጥ ሲተኮስ ግን 7.8 ጁል ይደርሳል። በቦርሳ ለመያዝ የምትመቸው ሽጉጥ ለመተኮስ የማትመች የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንጻሩ ከባዱን ሽጉጥ ሳንለውጥ ጥይቱን ብንለውጥስ? ለልምምድ የሚያገለግለው ባለ .22 ጥይት አረሩ 2.6 ግራም ያህል ሲሆን ፍጥነቱ በሴኮንድ 320 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያው 1 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ሽጉጥ ሲተኮስ ርግጫው 0.35 ጁል ብቻ ይሆናል፤ ከ9 ሚሊ ሜትሩ አንድ ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። ጀማሪ ተኳሽ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ በዚህ ጥይት ቢጀምር ዓይኑን መጨፈንና እጁን ማስደንገጥ ሳይለምድ ማነጣጠርን ይማራል።

ርግጫው ቀጥታ ወደ ኋላ ብቻ የሚገፋ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። አፈሙዙ ከጨበጠው እጅ በላይ ስለሚገኝ ግፊቱ ሽጉጡን በአንጓ ዙሪያ ወደ ላይ ያዞረዋል። እጅ ከአፈሙዙ መስመር በራቀ ቁጥር ይህ የማዞር ኃይል ይጨምራል። ስለሆነም እጀታውን ከጫፉ ሳይሆን እስከ ላይ ድረስ ጠጋ ብሎ መጨበጥ የሚያስችል ሽጉጥ ተመራጭ ነው።

እጅ፣ ጣትና ምላጭ

ብዙ ሴቶችን ከርግጫው ይልቅ የሚያስቸግረው የእጀታው ውፍረት ነው። በትክክል የተጨበጠ ሽጉጥ አፈሙዙ ከክንድ አጥንት ጋር በአንድ መስመር ይውላል፤ የሌባ ጣት ጫፍም ምላጩ ላይ ቀጥ ብሎ ያርፋል። እጀታው ሲወፍር ጣት አይደርስም፤ ተኳሿም እንዲደርስላት ስትል ሽጉጡን በመዳፏ ውስጥ ታዞረዋለች። ከዚያ ወዲያ ርግጫው የሚያርፈው በአውራ ጣት አንጓ ላይ ሲሆን ምላጩም ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ይሳባል።

የዚህ ስሕተት ዋጋ በሒሳብ ይታያል። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎች በ15 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ የፊተኛው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ አረሩ 10 ሜትር ርቀት ላይ ከዒላማው ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ማነጣጠሪያዎቹ በ10 ሴንቲ ሜትር በሚራራቁበት ትንሽ ሽጉጥ ደግሞ ስሕተቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በገበያ ቀን ሕዝብ በሞላበት ከተማ ይህ ልዩነት ከዒላማው ጎን የቆመን ሰው ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

የምላጩ ክብደትም ሊታሰብበት ይገባል። መዶሻውን ሳያነሡ በምላጩ ብቻ በሚተኮስ ሪቮልቨር ምላጩን ለመሳብ 5 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት የሚያነሣ ኃይል ሊያስፈልግ ይችላል። አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ መሣሪያን ሳያንቀሳቅሱ በአምስት ኪሎ ኃይል መሳብ ለማንም ቢሆን ቀላል አይደለም። በሴቶች የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር ደንብ የምላጩ ዝቅተኛ ክብደት 1 ኪሎ ግራም መሆኑን ስናስተያይ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል።

ቃታውን የሚይዘው ሞላ

ጥይት ለማጉረስ ቃታው ወደ ኋላ መሳብ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ያጋጥመናል። እንደ ማካሮቭ ባሉ ሽጉጦች አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ሲሆን ቀለሁ ያለጊዜው ወደ ኋላ እንዳይፈናጠር የሚከለክለው የቃታው ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞላው ጠንካራ መሆን ግድ ይለዋል። አፈሙዙና ቃታው ለቅጽበት ተቆላልፈው አብረው በሚንቀሳቀሱባቸው ትልልቅ ሽጉጦች ግን ሞላው ለስለስ ሊል ይችላል። ትልቁን ሽጉጥ ማጉረስ ከትንሹ የሚቀልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ጥንካሬውን በዘዴ ማሸነፍም ይቻላል። ቃታውን በጣት ጫፍ ከመጎተት ይልቅ ሽጉጡን ወደ ደረት አቅርቦ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርጎ፣ ቃታውን በሙሉ መዳፍ ጨብጦ በአንድ እጅ እየያዙ በሌላው እጀታውን ወደ ፊት መግፋት የትከሻንና የደረትን ጡንቻ ያሳትፋል። ሲተኮስም አንጓ ከላላ ሽጉጡ በሙሉ ከቃታው ጋር አብሮ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ቃታው በቂ ጉዞ ሳያደርግ ይቀርና ቀለሁ ይሰነቀራል።

«አማካይ ሴት» ማን ናት?

በአማካይ ሲታይ የሴቶች የመጨበጥ ኃይል ከወንዶች ያነሰ፣ እጃቸውም አጠር ያለ ነው። ነገር ግን አማካይ የብዙ ሰዎች ድምር ውጤት እንጂ በአካል የምትገኝ ሰው አይደለችም። ከልጅነቷ ጀምራ ውሃ ስትቀዳና ሰሊጥ ስታጭድ ያደገች የቋራ ሴት በቢሮ ከሚውል ወንድ የጠነከረ ጭብጥ ቢኖራት አይገርምም። የማነጣጠር ችሎታም ቢሆን ጾታ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን በአየር ላይ በሚወረወር ዒላማ ተኩስ (ስኪት) ከወንዶች ጋር ተወዳድራ የወርቅ ሜዳልያውን ወስዳለች። በቀጣዩ የ1996 ኦሊምፒክ ግን ሴቶች በዚህ ውድድር እንዲሳተፉ አልተፈቀደም፤ የሴቶች ስኪት የተጀመረው በ2000 ነው። ስለሆነም «ለሴት የሚሆን ሽጉጥ የትኛው ነው?» ከማለት «ለዚህች ተኳሽ እጅ የሚሆነው የትኛው ነው?» ማለቱ ሳይንሳዊ ነው።

የርካሽ ብረት አደጋ

በመተማ በኩል በሕገ ወጥ መንገድ ሲገቡ ተያዙ የተባሉ የቱርክ ሥሪት ሽጉጦች ዜና በተደጋጋሚ ተሰምቷል። በዓለም ዙሪያ በድብቅ ከሚሸጡት ትንንሽ ሽጉጦች መካከል ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ከዚንክ ቅይጥ ተሠርተው ኋላ አፈሙዛቸው ተበስቶ አረር እንዲተኩሱ የተደረጉ ይገኙባቸዋል። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት በጉሮሮው ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት እስከ 235 ሜጋ ፓስካል ይፈቀድለታል፤ ይህም ከከባቢ አየር ግፊት ከ2,300 እጥፍ በላይ ነው። ለጩኸት ብቻ የተሠራ ለስላሳ ብረት ይህን ግፊት ደጋግሞ አይችልም፤ በተኳሿ እጅ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። የቆላው ሙቀት ደግሞ ባሩዱ ፈጥኖ እንዲነድ በማድረግ ግፊቱን በመጠኑ ይጨምራል። «ትንሽ ናት፣ ለሴት ትሆናለች» ተብላ በድብቅ የምትቀርብ ሽጉጥ እንግዲህ ከሁሉ የከፋች ምርጫ ናት። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ጆሮ፣ እርሳስና እርግዝና

የሴትነት ጉዳይ በእርግጥ የሚነሣበት አንድ ቦታ አለ። የሽጉጥ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል በላይ ሲሆን ከ140 ዴሲቤል በላይ የሆነ ቅጽበታዊ ድምፅ ጆሮን በቋሚነት ሊጎዳ ይችላል። ከአረሩና ከማቀጣጠያው የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ ደግሞ በትንፋሽና በእጅ በኩል ወደ ደም ገብቶ በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንስ ይደርሳል። በመሆኑም ነፍሰ ጡር ሴት ከተኩስ ልምምድ መራቅ ይኖርባታል። አሠሪ መሥሪያ ቤቶችም ይህንን በሥራ ምደባቸው ሊያስቡበት ይገባል። ሌሎችም ቢሆኑ ጆሯቸውን መሸፈን፣ ከልምምድ በኋላ ምግብ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና መታጠብ አይዘንጉ።

ከምርጫው በፊት

ሽጉጥ መታጠቅ የሥራዋ ግዴታ የሆነባት ሴት እንግዲህ በሚከተለው ቅደም ተከተል ብትመረምር ይበጃታል። አስቀድማ ጥይት አለመኖሩን በዓይኗም በጣቷም ታረጋግጥ። ቀጥሎ ሳታዞረው ጨብጣ ጣቷ ምላጩ ላይ መድረሱን፣ ቃታውን ያለ ችግር መሳቧን፣ ካዝናውን መንቀሏንና ሴፍቲውን ጭብጧን ሳትለቅ መንካቷን ትይ። በመጨረሻም በአሠልጣኝ ፊት ተኩሳ ዐሥረኛው ጥይት እንደ መጀመሪያው በዒላማው ማረፉን ታረጋግጥ። ቀለም፣ ማጠርና መቅለል ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ለቤቷ ጥበቃ ብላ ሽጉጥ ለማስገባት የምታስብ ሴት ግን ከፊዚክስ ውጭ ያለ አንድ ቁጥር ማወቅ አለባት። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተደረገ ሰፊ ጥናት ራሳቸው ሽጉጥ ሳይኖራቸው የሽጉጥ ባለቤት ከሆነ ሰው ጋር የሚኖሩ ሰዎች በትዳር ጓደኛ ወይም በፍቅረኛ ተተኩሶባቸው የመሞት ዕድላቸው ሽጉጥ በሌለበት ቤት ከሚኖሩት በሰባት እጥፍ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ መንገድ ከሞቱት መካከል 84 በመቶው ሴቶች ነበሩ። አገሩ ቢለይም ሽጉጥ ባለቤቱን መርጦ እንደማይታዘዝ ግልጽ ነው። ለእጅ የሚስማማውን ሽጉጥ ፊዚክስ ሊነግረን ይችላል፤ ለቤት የሚስማማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ ያልገባው ሽጉጥ ነው።