ክሬዲቱ የተበላሸበት፣ በውትድርና የተጎዳ ወገናችን በሄርንደን ቤት ሊገዛ ይችላልን?

ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ጭኖ የሚወጣ ባለታክሲ ሁሉ ሄርንደንን ያውቃታል። ሆቴሎቿን፣ የቢሮ ሕንፃዎቿን፣ የመኖሪያ ሰፈሮቿን በእኩለ ሌሊት ሳይቀር ያገኛቸዋል። የሲልቨር ላይን ባቡር ኖቬምበር 15 ቀን 2022 ሄርንደን ከገባ ወዲህ ከተማዋ ይበልጥ ተፈላጊ ሆናለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ብዙው ባለታክሲና ባለሱቅ ግን ሰው አድርሶባት ይመለሳል እንጂ ቤት እገዛባታለሁ ብሎ አያስብም። «ለእኛ አይሆንም» ይላል።

ዛሬ የምንጽፈው ይህን ከሚሉት መካከል ፈጽሞ ሊሉት ስለማይገባቸው ወገኖቻችን ነው። እነርሱም በአሜሪካ ጦር ሠራዊት አገልግለው፣ በአገልግሎቱ አካላቸው ተጎድቶ፣ ዛሬ መሪ ጨብጠው ወይም ሱቅ ከፍተው የሚኖሩት ናቸው።

ቁጥራቸው ጥቂት የሚመስለው ይኖራል። ነገር ግን ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜጋ ሳይሆን በሠራዊቱ መቀጠር ይችላል። በዲቪ ከመጡት ልጆቻችን ብዙዎቹ በዚህ በር ገብተዋል። ከዚህም ሌላ የመከላከያ ሚኒስቴሩ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጀውና እስከ 2016 ድረስ አዲስ ሰው በተቀበለው፣ ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር።

አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። መብቱ የሚገኘው በአሜሪካ ጦር በማገልገል ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ሠራዊት ማገልገል፣ ከ1951 ጀምሮ በኮርያ ከአሜሪካኖች ጎን የተዋጋው የቃኘው ሻለቃ አገልግሎት እንኳ ሳይቀር፣ የዚህን ብድር በር አይከፍትም።

ስም የሌለው ምሳሌ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰውየው ስም የለውም፤ ግን ብዙ አንባቢ ራሱን ወይም ጓደኛውን ያገኝበታል። በዲቪ መጣ፤ አራት ዓመት ወታደር ሆኖ አገለገለ፤ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ጀርባውንና ጉልበቱን ተጎዳ፤ በክብር ተሰናበተ። ዛሬ የራሱ ታክሲ አለው። ሚስቱ ትሠራለች፤ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሄርንደን ውስጥ ተከራይተው ይኖራሉ። ለአጎቱ ልጅ መኪና ፈርሞለት ልጁ መክፈል አቆመ፤ መኪናው ተወሰደ። አንድ የሆስፒታል ዕዳም ወደ ኮሌክሽን ሄደበት። ክሬዲቱ 570 ላይ ወረደ። አንድ ባንክ ጠይቆ «አይቻልም» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት አያነሣም። ጀርባውንስ? «ጀርባውን የማያመው ባለታክሲ የት አለ?» ብሎ ይስቃል። ስለዚህ ለጉዳቱ አንድም ቀን ማመልከቻ አስገብቶ አያውቅም።

ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። አንደኛ፣ የአንድ ባንክን መልስ የሕጉ መልስ አድርጎ ወሰደው። ሁለተኛ፣ ቤቱን ሊያገኝበት የሚችለውን ወረቀት ከታክሲ ወንበር የመጣ ሕመም ነው ብሎ ተወው።

ሕጉ የሚሰጠው

የወታደሮች የቤት ብድር የተጀመረው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጁን 22 ቀን 1944 በፈረሙት ሕግ ነው። ገንዘቡን የሚያበድረው መንግሥት አይደለም፤ ባንኩ ወይም የሞርጌጅ ኩባንያው ነው። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ቪ.ኤ. የሚባለው፣ ለአበዳሪው ዋስ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ዳውን ፔይመንት አይጠየቅም፤ በየወሩ የሚከፈል የሞርጌጅ ኢንሹራንስም የለም። ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ሙሉ መብቱ ላልተነካበት ሰው ቪ.ኤ. የብድር ጣሪያ አላስቀመጠም። ወሰኑ የሰውየው የመክፈል አቅም ነው።

የሚከፈለው አንድ ክፍያ «ፈንዲንግ ፊ» ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዳውን ፔይመንት ለሚገዛ ሰው ከብድሩ 2.15 በመቶ ነው። የ450 ሺህ ዶላር ብድር ቢሆን 9,675 ዶላር ማለት ነው። ከአገልግሎት ለመጣ ጉዳት ካሳ የሚቀበል ሰው ግን፣ ጉዳቱ 10 በመቶ ብቻ ተብሎ ቢመዘን እንኳ፣ ይህን አይከፍልም። ማመልከቻው ገና መልስ ሳያገኝ ቤቱን ቢገዛና ኋላ ካሳው ከግዢው በፊት ካለ ቀን ጀምሮ ቢፈቀድለት፣ የከፈለውን ማስመለስ ይችላል።

እንግዲህ የምሳሌአችን ሰው ዝምታ ስንት እንደሚያስወጣው ተመልከቱ። የወደቀበት ቀን በሠራዊቱ ሐኪም መዝገብ ላይ ካለ ማመልከት መብቱ ነው። በየወሩ የሚመጣው ካሳ ግብር አይከፈልበትም፤ አበዳሪውም እንደ ገቢ ይቆጥረዋል። ጉዳታቸው ከባድ ለሆነ፣ ለምሳሌ በዊልቼር ለሚሄዱ፣ ቤቱን ለአካላቸው እንዲስማማ ማሠሪያ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ የሚችል እርዳታ አለ። ይህ እርዳታ እንጂ ብድር አይደለም።

ስለ ክሬዲቱስ?

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህ ነው፦ ቪ.ኤ. ራሱ ዝቅተኛ የክሬዲት ነጥብ አልወሰነም። ነጥቡን የሚወስኑት አበዳሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ 620 ይላሉ፤ 580 ወይም ከዚያ በታች የሚቀበሉም አሉ። ስለዚህ አንዱ «አይቻልም» ቢል ሌላውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ነጥቡ ዝቅ ባለ መጠን ግን ወለዱ ከፍ ሊል ይችላልና የአንድ ዓመት ትዕግሥት ብዙ ሺህ ዶላር ሊያተርፍ ይችላል።

የቪ.ኤ. ደንብ አብዝቶ የሚመለከተው የቅርቡን ጊዜ ነው። ኪሳራ ያላወጀ ሰው የመጨረሻውን የተበላሸ ዕዳ ከዘጋ በኋላ 12 ወር ሁሉንም በሰዓቱ ከከፈለ፣ ክሬዲቱን እንደ አቃና ይቆጠርለታል። ቻፕተር 7 የተባለውን ኪሳራ ያወጀ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። በቻፕተር 13 ውስጥ ያለ ደግሞ 12 ወር በትክክል ከከፈለና የፍርድ ቤቱ ተቆጣጣሪ ከፈቀደ ሊታይለት ይችላል።

ለባለሱቆች ልዩ ማስጠንቀቂያ አለን። የፌዴራል መንግሥት ዕዳ ያቋረጠ ሰው በመንግሥት መዝገብ ይያዛል። በኮቪድ ጊዜ ከኤስ.ቢ.ኤ. ብድር ወስዳችሁ መክፈል ካቆማችሁ፣ ወይም የተማሪ ብድር ትታችሁ ከሆነ፣ ነጥባችሁ 700 ቢሆን እንኳ ከዕዳው ጋር ሳትስማሙ የቪ.ኤ. ብድር አታገኙም። አስቀድማችሁ ደውላችሁ የክፍያ ስምምነት አድርጉ።

ለዘመድ መፈረምን በተመለከተ፣ በአገራችን ዋስ መሆን ወግ ነው። እዚህ ግን የፈረመ ሰው ዋስ ብቻ አይደለም፤ ባለዕዳው ራሱ ነው። ዘመዳችሁ በየወሩ ከራሱ ባንክ ለ12 ወር ሲከፍል እንደቆየ በወረቀት ካሳያችሁ ግን ዕዳውን ከእናንተ ላይ የሚያነሡ አበዳሪዎች አሉ።

የባለታክሲው ገቢ

ከክሬዲቱ ይልቅ ባለታክሲን የሚያሰናክለው ታክስ ነው። አበዳሪው የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀት ይጠይቃል፤ የሚቆጥረውም ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን ነው። ለአይ.አር.ኤስ. ድሃ፣ ለባንክ ሀብታም መሆን አይቻልም።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ባለታክሲ በ2024 ዓ.ም. 80,000 ዶላር አስገባ። ለሥራ 40,000 ማይል ነዳ፤ የዚያ ዓመት ተመን በማይል 67 ሳንቲም ስለነበረ 26,800 ዶላር ቀነሰ። ሌላ ወጪው 9,000 ነው። የቀረው 44,200 ዶላር ይሆናል። ነገር ግን ከ67ቱ ሳንቲም ውስጥ 30ው የመኪናው እርጅና ነው፤ ከኪስ የወጣ ገንዘብ አይደለም። 40,000 ማይል በ30 ሳንቲም 12,000 ዶላር ስለሚሆን፣ ይህ ቢመለስለት ገቢው 56,200 ይደርሳል። ብድር አስተናጋጁ ይህን እንዲያስብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ቪ.ኤ. ሌላም መለኪያ አለው። ሞርጌጁ፣ ግብሩና ዕዳው ሁሉ ከተከፈለ በኋላ ለቤተሰቡ ኑሮ የሚተርፈው ገንዘብ ስንት ነው ይላል። በቨርጂንያና በሜሪላንድ አራት ነፍስ ላለበት ቤት በወር 1,003 ዶላር መትረፍ አለበት። ወርኃዊ ዕዳው ከገቢው 41 በመቶ ካለፈ ደግሞ ከዚህም 20 በመቶ በላይ እንዲተርፍ ይፈለጋል። ለእኛ ሰው ይህ ጥሩ መለኪያ ነው። ነጥቡ ዝቅ ያለ ቆጣቢ ቤተሰብ በዚህ በኩል ራሱን ማሳየት ይችላል።

ስለ ዕቁብም አንድ ቃል። ዕቁብ በሰዓቱ መክፈል ክሬዲት አይሠራም። ዕጣ ደርሷችሁ ብዙ ገንዘብ በአንድ ቀን ባንክ ብታስገቡም አበዳሪው «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። የሁለት ወር የባንክ ወረቀት ስለሚታይ፣ ገንዘቡ ቀደም ብሎ ገብቶ ቢቀመጥ ይሻላል።

የቨርጂንያ ድርሻ

ሄርንደን በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። የካውንቲው የቤት ግብር በ500 ሺህ ዶላር ቤት ላይ በዓመት ከ5 ሺህ ዶላር ያልፋል። የቨርጂንያ ሕዝብ በኖቬምበር 2010 በሰጠው ድምፅ ግን ከአገልግሎት የመጣ ጉዳቱ መቶ በመቶና ቋሚ ነው የተባለ የቀድሞ ወታደር ለሚኖርበት ቤት የንብረት ግብር አይከፍልም። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ለራሱ የሚጠቀምበት አንድ መኪናም ከመኪና ግብር ነፃ ሆኗል። ይህ ግን ራሱ አይመጣም፤ ወደ ካውንቲው ሄዶ ማመልከት ያስፈልጋል።

ከመፈረማችሁ በፊት

ቤቱ መኖሪያ መሆን አለበት፤ ገዝቶ ማከራየት አይፈቀድም። አብዛኛውን ጊዜ በ60 ቀን ውስጥ መግባት ግዴታ ነው። ይሁንና እስከ አራት ቤት ያለበትን ሕንፃ ገዝቶ በአንዱ እየኖሩ ሌላውን ማከራየት ይቻላል። ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር ለመግዛት ካሰባችሁ ዋስትናው የሚሸፍነው የወታደሩን ድርሻ ብቻ ስለሆነ አበዳሪው ዳውን ፔይመንት ሊጠይቅ ይችላል። ሚስትና ባል ከሆኑ ይህ ችግር የለም።

«ክሬዲት በሠላሳ ቀን እናጸዳለን» ከሚሉም ተጠንቀቁ። በ1996 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ድርጅት ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ መቀበል አይችልም። የተሳሳተ ነገር ካለ ራሳችሁ በነፃ መቃወም ትችላላችሁ፤ እውነት የሆነውን ግን ማንም አያጠፋላችሁም። የአካል ጉዳት ማመልከቻም ቢሆን የቨርጂንያ የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት መሥሪያ ቤትና እንደ አሜሪካን ሊጅን ያሉ ማኅበራት በነፃ ያዘጋጃሉ። ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን እለፉት።

ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ዲ.ዲ. 214 የተባለውን የመሰናበቻ ወረቀት ፈልጉና ለጉዳታችሁ ካላመለከታችሁ አመልክቱ።

ሁለተኛ፣ የመብት ማረጋገጫ ወረቀቱን ከቪ.ኤ. ጠይቁ። አበዳሪውም በኮምፒዩተር ሊያወጣላችሁ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከኢኩፋክስ፣ ከኤክስፒሪያንና ከትራንስዩንየን የክሬዲት ሪፖርታችሁን በነፃ አውጥታችሁ እያንዳንዱን መስመር አንብቡ።

አራተኛ፣ በሃድ የተፈቀደለት የቤት አማካሪ በስልክ 800-569-4287 ፈልጉ።

አምስተኛ፣ ቢያንስ ሦስት አበዳሪ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የቪ.ኤ. ብድር ለመስጠት የምትቀበሉት ዝቅተኛ ነጥብ ስንት ነው?» ይሁን።

ወታደር ላልነበራችሁ አንባብያንም በር አልተዘጋም። ኤፍ.ኤች.ኤ. 580 ነጥብ ላለው በ3.5 በመቶ፣ ከ500 እስከ 579 ላለው በ10 በመቶ ዳውን ፔይመንት ይፈቅዳል፤ ምንም እንኳ አበዳሪዎች ከፍ ያለ ነጥብ ሊጠይቁ ቢችሉም። ከሜይ 25 ቀን 2025 ወዲህ ግን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው በዚህ ብድር እንዳይጠቀም ተደርጓል። ለንግድ ገንዘብ የምትፈልጉም በ1983 አርሊንግተን ውስጥ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል ለአነስተኛ ንግዶች የሚያበድር ክፍል እንዳለው አትርሱ። የቤትን ገንዘብ ለሱቅ፣ የሱቅን ለቤት ማደባለቅ ሁለቱንም ይጎዳልና።

ወደ ምሳሌአችን ሰው እንመለስ። ዛሬ ማመልከቻውን ቢያስገባ፣ ዕዳውን ተደራድሮ ቢዘጋ፣ ከዚያም 12 ወር ኪራዩንና ካርዱን በቀኑ ቢከፍል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ሆኖ ይቀርባል። ያን ጊዜ የሚጠይቀው ምጽዋት አይደለም፤ በጀርባው የከፈለበትን ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ ራሱ ይነቅዛል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ገጽ ቆርጣችሁ ስጡት።

ቸር ይግጠመን።