ውሻችሁን ወክ ስታወጡት መንገዱን ለአፍንጫው ተዉለት



በቅርቡ እጁን በውሻ የተነከሰ የ7 ዓመት ልጅ አክሜ ነበር። የነከሰው የጎረቤት ውሻ ነው። ባለቤቱም ደንግጠው አብረው መጥተዋል። «ተከትቧል?» ብዬ ስጠይቃቸው «አልተከተበም» አሉኝ። «ወክ ታወጡታላችሁ?» ስላቸው ደግሞ «ኧረ ዶክተር፣ ሰው ይነክስብኛል ብዬ ቀኑን ሙሉ አስሬው ነው የምውለው» አሉ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ይነክሳል ብለን እናስራለን፤ ታስሮ የሚውል ውሻ ደግሞ ከሰው ጋር ስለማይላመድ ይፈራል፣ የፈራ ውሻ ይነክሳል። ስለዚህ ወክ ቅንጦት አይደለም፤ ለውሻውም ለሰፈሩም ጤና ነው።

ታዲያ ወክ ማለት ውሻውን እየጎተቱ መሮጥ አይደለም። እነዚህን ልብ በሉ፦

1. ያሽትት። እኛ ሰፈሩን በዓይናችን እንደምናየው ውሻ በአፍንጫው ነው «የሚያየው»። የሰው አፍንጫ 5 ሚሊዮን ገደማ የሽታ ተቀባዮች ሲኖሩት የውሻ ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ግንድ ሥር፣ አጥር ሥር ሲቆም አትጎትቱት። ረጋ ብሎ ያሸተተበት 20 ደቂቃ እየተጎተተ ከሄደበት አንድ ሰዓት ይሻለዋል።

2. ሰዓት ምረጡ። ጠዋትና አመሻሽ ጥሩ ነው። ውሻ እንደኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ በማለክለክ ነው። ቀን ላይ አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ 7 ሰከንድ መቋቋም ካቃታችሁ የእሱንም መዳፍ ያቃጥላል። ቡችላና ያረጀ ውሻ አጠር ያለ ጉዞ ይበቃቸዋል።

3. ገመዱ ላላ ይበል፣ ግን ከእጃችሁ አይውጣ። ሲጎትታችሁ ቁሙ፤ ገመዱ ሲላላ ቀጥሉ። በቃ፣ ዱላ አያስፈልግም። ዱላ ፍርሃቱን ነው የሚጨምረው።

4. ምልክቱን እዩ። ጆሮውን ወደኋላ ካጠፈ፣ ጭራውን እግሮቹ መሃል ከከተተ ወይም ካጉረመረመ ፈርቷል ማለት ነው፤ ከሰው አርቁት። ጭራውን ቆላ ማለት ሁልጊዜ ደስ ብሎታል ማለት አይደለም። ልጆች ሮጠው እንዲያቅፉት አትፍቀዱ።

5. የወደቀ አይብላ። በተለይ ከበዓል በኋላ መንገድ ላይ የሚጣል የበግ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ትል ያስተላልፋል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ወደ ሰው ሲገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይፈጥራል። ውሻውን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

ለዓመታት ታስሮ የኖረ ውሻ ካላችሁ ግን በአንዴ ገበያ መሃል አታውጡት። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ በገመድ አለማምዱት፣ ከዚያ ሰው በማይበዛበት ሰዓት በር አካባቢ፣ ቀስ እያላችሁ ራቅ አድርጉት።

ከሁሉም በፊት ክትባት! ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይውሰድ፤ የሚደገምበትን ጊዜ የእንስሳት ሐኪሙ ይነግራችኋል።

ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። «ውሻው ያብድ እንደሆነ እንይ» ወይም «የባህል መድኃኒት እንሞክር» ብላችሁ አትቆዩ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል።

ያ ልጅ ክትባቱን ጨርሶ ደህና ሆኗል። ጎረቤቱም ውሻቸውን አስከትበው በግቢያቸው ውስጥ በገመድ ማለማመድ ጀምረዋል።

ውሻ ላላቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጤናችሁ ይብዛ!