እንስሳት በራሳቸው ልሳን ሲናገሩ

በሐርጌሳ ከተማ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ በምኖርበት ቤት ደጃፍ ማለዳ ማለዳ ፍየሎች ያልፋሉ፤ አንድ ቀን ታዲያ ከመካከላቸው አንዲት ግልገል ከማእዘኑ ድንገት ብቅ ባለ የጭነት መኪና ፊት እግሯ እንደ ተተከለ፣ መሸሽም መጮኽም ተስኗት ደርቃ ስትቀር ባየሁ ጊዜ፣ ለዚሁ ሁኔታ ልዩ ቃል የሠራ አንድ ደራሲ ትዝ አለኝ።

ይህ ደራሲ፣ እንግሊዛዊው ሪቻርድ አዳምስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሳለ ለሁለት ሴቶች ልጆቹ በመኪና ጕዞ ላይ የተረከላቸውን የጥንቸሎች ታሪክ ‹ዎተርሺፕ ዳውን› ብሎ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመ ጊዜ፣ ጥንቸሎቹን በእንግሊዝኛ ማናገር ብቻ ስላልበቃው ከራሱ ምናብ ልሳን ፈጠረላቸው። በዚያ ልሳን በፍርሃት ደርቆ መቅረት ‹ታርን› ይባላል፤ ፀሐይ ‹ፍሪዝ›፣ ከጕድጓድ ወጥቶ ሣር መጋጥ ‹ሲልፍሌይ›፣ ተሽከርካሪ ሁሉ ደግሞ ከሞተሩ ድምፅ ተወስዶ ‹ህሩዱዱ› ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ቍጥራቸው ነው። ጥንቸል የሚቈጥረው እስከ 4 ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈው ሁሉ፣ 5ም ይሁን 1000፣ ‹ህራይር› በሚለው በአንድ ቃል ይጠቀለላል፤ የተረታቸውም ጀግና ስም ሲተረጐም ‹ጠላቱ የማይቈጠር ልዑል› ማለት ነው። ዘወትር ለሚታደን ፍጡር፣ 5 ጠላትና 100 ጠላት በልቡናው ምን ልዩነት አላቸው? አዳምስ ቃላቱን በትረካው መካከል አንድ በአንድ እየዘራ ስለሚሄድ አንባቢው መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ይለምዳቸዋል፤ ወደ መጨረሻው ገደማ አንዱ ጥንቸል ለጨካኙ አለቃ በጥንቸልኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ እዚህ ልደግመው የማይገባኝን ብርቱ ስድብ፣ ሲመልስለት ትርጕሙ በአጠገቡ ባይጻፍም አንባቢው ይረዳዋል። እንዲህ ያለ የማስተማር ጥበብ በልብ ወለድ ውስጥ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ከርሱ አስቀድሞ፣ በ1726 እ.ኤ.አ.፣ ጆናታን ስዊፍት በጉሊቨር ጕዞ መጽሐፉ ፈረሶችን ባናገረ ጊዜ የነገዳቸውን ስም ከማሽካካት ድምፅ ቀረጸው፤ ልሳናቸውም ለሐሰት ቃል ስለሌለው ‹ያልሆነውን ነገር መናገር› ብለው ለማለፍ ይገደዳሉ።

በእኛ ዘንድ አንበሳና ቀበሮ ሲናገሩ የኖሩት በሰው አማርኛ ነው። ከበደ ሚካኤል በ‹ታሪክና ምሳሌ› ያናገሯቸው እንስሳት አማርኛቸው የጠራ፣ ለጆሮ የሚጥም ነው፤ ነገር ግን ከቆዳው በታች የሚሰማው የሰው ድምፅ ነው። ልጆች ምስጢር ሲነጋገሩ በቃሉ መካከል ሌላ ድምፅ እየሰኩ ‹የወፍ ቋንቋ› የሚሉትም ልብሱን የለወጠ አማርኛ እንጂ ወፍ አልነካውም።

እንግዲህ ለምናባዊ ዓለሙ አራዊት ልሳን ሊፈጥር የሚሻ የአገራችን ደራሲ ከወዴት ይጀምር ቢሉኝ፣ ከእረኛ ይጀምር እላለሁ። ሶማሌው ግመሉን በአንድ ስም አይጠራም፤ ጡት የሚጠባውን ‹ንሪግ›፣ ወጣቷን ‹ቃሊን›፣ አዋቂዋን ሴት ‹ሃል›፣ ጭነት የሚሸከመውን ወንድ ‹አውር› ይለዋል፤ ከጕድጓድ ውኃ ቀድቶ ሲያጠጣውም የሚያዜምለት ዜማ አለው። የእኛም ባላገር ፈረሱን ‹ቼ!› ይለዋል። ይህ ሁሉ ግን ሰው ለእንስሳ የሚናገረው ነው፤ ለደራሲው የሚቀረው እንስሳው የሚመልሰውን መስማት ነው። ለግመል ልሳን የሚሠራ ሰው ለውኃ ርቀት፣ ለጥም ደረጃ፣ ለነፋስ ሽታ ብዙ ግሦች ያስፈልጉታል፤ ለቤትና ለአጥር ግን አንድም ቃል ባይኖረው አያጐድልበትም።

እኔም ሞክሬዋለሁ። የሶማሌ እረኞች በግመል አንገት ‹ኮር› የሚሉትን ከእንጨት የተጠረበ ደወል ያንጠለጥላሉ፤ ለእረኛው መንጋው የት እንዳለ ያመለክተዋል፤ ለግመሊቱ ግን ከራሷ ጕሮሮ ሥር የማይለያት፣ ሌላ ፍጡር ያሰረባት ድምፅ ነው። በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያውን የግመል ቃል ከዚያ ደረቅ ድምፅ ወስጄ ‹ኰኳ› ብዬ ጻፍሁ፤ ትርጕሙም ‹ሰው› ነው።